ሥርና ሰበብ፦ አስም በዘር ይወረሳል ወይ የሚለው ጥያቄ ከአር-ራዚ እስከ ዘረ መል ጥናት ዘመን

በመስጂዶቻችንና በመድረሳዎቻችን ለኢማሞችና ለኡስታዞች ከሚቀርቡ ጥያቄዎች መካከል የሕክምና መልክ ይዘው የሚመጡ፣ ውስጣቸው ግን የክብርና የቤተሰብ ጉዳይ የሆነ አሉ። የልጅቷ እናት አስም ስላለባት ኒካሑን እንቀጥል ወይስ እንተው የሚለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ሕመሙ ከአባቱ የመጣ ከሆነ አላህ የወሰነበት ነውና መድኃኒት ምን ይለውጣል የሚለውም ሌላው ነው። የመጀመሪያው ጠያቂ ዘርን ይፈራል፤ ሁለተኛው ለዘር እጁን ይሰጣል። ሁለቱም ግን በአንድ ግምት ላይ ቆመዋል፤ እርሱም ከወላጅ የተወረሰ ነገር ሁሉ የማይቀር ፍርድ ነው የሚል ነው።

በዚህ ጽሑፍ ይህን ግምት በታሪክ ሚዛን እንመዝነዋለን። የሙስሊሙ ዓለም ሐኪሞች ስለ ትንፋሽ ማጠርና ስለ ውርስ የጻፉትን፣ ከዚያም ባለፉት 100 ዓመታት የተካሄደውን የዘረ መል ምርምር በቅደም ተከተል ስንመለከት አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው አስም ራሱ ሳይሆን ለአስም ዝግጁ የመሆን ባሕርይ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም በእርሱ ላይ የብዙ ሰው ትዳርና የብዙ ሕፃን ትንፋሽ ተንጠልጥሏል።

ጽጌረዳና ረብው

አስም የመተንፈሻ ቧንቧዎች በየጊዜው እየተቆጡ፣ እያበጡና እየጠበቡ ትንፋሽ የሚያሳጥሩበት ሕመም ነው። ከአለርጂ ጋር የተያያዘው ዐይነት የሚቀሰቀሰው የሰውነት መከላከያ ለብዙው ሰው ጉዳት የሌላቸውን ነገሮች፣ ማለትም የቤት አቧራን፣ የአበባ ብናኝን ወይም ከእንስሳት ቆዳና ፀጉር የሚረግፈውን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዘምትባቸው ነው። በአንድ ቤት አንድ አቧራ ከሚተነፍሱ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሲታመም ሌላው ጤነኛ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? ጥያቄው አዲስ አይደለም።

በ251 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 865) ገደማ በረይ ከተማ የተወለዱትና በ313 (925) ያለፉት አቡ በክር ሙሐመድ ኢብኑ ዘከሪያ አር-ራዚ ፈንጣጣን ከኩፍኝ ለይተው በመግለጽ የታወቁ ሐኪም ናቸው። ከሥራዎቻቸው መካከል ግን ብዙ ሰው የማያነሣው አንድ አጭር ጽሑፍ አለ። የዘመናቸው ታላቅ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ በጸደይ ወራት ጽጌረዳ ባሸተቱ ቁጥር ስለ ምን የአፍንጫ ጉንፋን እንደሚይዛቸው ለማስረዳት የተጻፈ ነው። ጽጌረዳ በዚያ ዘመን የመልካም ሽታ ሁሉ አብነት ነበረች፤ ውኃዋ ለእንግዳ ይረጭ፣ ለመድኃኒትም ይውል ነበር። እንግዲህ ለሺዎች ደስታ የሆነች አበባ ለአንድ ሰው ሕመም ስትሆን ምክንያቱን በአበባዋ ብቻ መፈለግ እንደማይበቃ ግልጽ ነው። ተቀባዩ አካልም መጠናት አለበት።

ይህ አስተሳሰብ ከጋሊኖስ ጀምሮ ወደ ዐረብኛው ሕክምና የተላለፈ መሠረት አለው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሚዛጅ፣ ማለትም የሰውነት ቅይጥ፣ አለው ይባላል። የውጭ መንስኤ ብቻውን አያሳምምም፤ አካሉ ያን መንስኤ ለመቀበል ኢስቲዕዳድ፣ ማለትም ዝግጁነት፣ ሊኖረው ይገባል። በ428 (1037) ያለፉት ኢብኑ ሲና በቃኑን መጽሐፋቸው የሰውነትን ክፍሎች ከራስ እስከ እግር ሲዘረዝሩ ለትንፋሽ ማጠር፣ ሐኪሞቹ ረብው ለሚሉት ሕመም፣ የራሱን ስፍራ ሰጥተዋል። ማብራሪያቸው በሰውነት ፈሳሾች ሚዛን ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ዛሬ የምንቀበለው አይደለም። መንስኤንና ዝግጁነትን መለየታቸው ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል።

ከእነርሱ በኋላ በ601 (1204) በግብፅ ያለፉት የአይሁድ ሊቅና ሐኪም ሙሳ ኢብኑ መይሙን ስለ ረብው ብቻ የተጻፈ ሙሉ መጽሐፍ በዐረብኛ ትተውልናል። መጽሐፉ ለአንድ መኳንንት ታማሚ የተጻፈ ሲሆን 13 ምዕራፎች አሉት። የሚያስደንቀው አብዛኛው ክፍል ስለ መድኃኒት አለመሆኑ ነው፤ ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ስሜት ሁኔታና በተለይም ስለ አየር ይናገራል። ጠባብ ጎዳናና ቆሻሻ የበዛበትን የከተማ አየር ከሜዳው አየር ጋር አነጻጽረው ታማሚው የሚኖርበትን ስፍራ እንዲመርጥ ይመክራሉ። የሰውየውን ተፈጥሮ መለወጥ ባይቻል በዙሪያው ያለውን መለወጥ ይቻላል ማለታቸው ነው።

የውርስ ሐሳብ ያስከፈለው ዋጋ

ስለ ውርስ የተነገረውን ስንመረምር ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ስፍራ እንደርሳለን። ኢብኑ ሲና በቃኑን የመጀመሪያ ክፍል ከወላጅ ወደ ልጅ የሚሄዱ ሕመሞች እንዳሉ ሲጠቅሱ መላጣነትን፣ ለምጽን፣ ሪህን፣ ሳንባ ነቀርሳንና የሥጋ ደዌን ያነሣሉ። ረብው በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ይህ ዝርዝር ከዛሬው እውቀት ጋር ሲነጻጸር ከባድ ትምህርት ይሰጣል። መላጣነትና ሪህ በእርግጥ የዘር ድርሻ አላቸው። የሥጋ ደዌ መንስኤ ግን ረቂቅ ተሕዋስ መሆኑን የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 አሳዩ፤ የሳንባ ነቀርሳንም ተሕዋስ ሮበርት ኮኽ በ1882 ይፋ አደረጉ። ታላቁ ሐኪም አባትና ልጅ በአንድ ሕመም ሲያዙ ተመልክተው ውርስ ነው አሉ። አባትና ልጅ ግን ደም ብቻ ሳይሆን ቤትም፣ አየርም፣ ማዕድም ይጋራሉ። በአንድ ጣራ ሥር ያለውን ሕመም በአንድ ደም ውስጥ አለ ብሎ መደምደም ሊቃውንትን ሳይቀር አሳስቷል።

በአገራችንም የሥጋ ደዌ በዘር የሚወርድ ነው የሚለው እምነት ምን ያህል ቤተሰብ እንደ በተነ እናውቃለን። ሕመሙ ያልነካቸው ልጆች ሳይቀሩ የትዳር ጓደኛ አጥተዋል፤ ከጎረቤት ተገልለዋል። መድኃኒት ከተገኘለት በኋላ እንኳ ወሬው ከሕመሙ ይልቅ ቆየ። ስለዚህ ዛሬ ስለ አስም ውርስ ስንናገር ቃላችንን መለካት ይገባናል፤ ያልተመዘነ ቃል ከተሕዋስ ባልተናነሰ ይጎዳልና።

ከቤተሰብ ታሪክ ወደ ዘረ መል

አስምና አለርጂ በቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገሙ በቁጥር ለማሳየት የተደረገው ቀዳሚ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ የታተመው የሮበርት ኩክና የአልበርት ቫንደር ቪር ሥራ ነው። ከ504 የአለርጂ ታማሚዎች መካከል ግማሽ ያህሉ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ዘመድ እንዳላቸው አገኙ። ከዚህም በላይ ትኩረት የሚስበው ዘመዶቹ የግድ በአንድ ዐይነት ሕመም የተያዙ አለመሆናቸው ነው፤ አባት አስም ሲኖርበት ልጅ ችፌ፣ እኅት ደግሞ የአፍንጫ አለርጂ ሊኖርባት ይችላል። በ1923 ኩክና አርተር ኮካ ለዚህ ዝንባሌ አቶፒ የሚል ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ስም አወጡ፤ ትርጉሙ እንግዳ ወይም ቦታ የሌለው ነገር እንደ ማለት ነው።

በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የኢሺዛካ ባልና ሚስት፣ በስዊድን ደግሞ ዮሐንሰንና ቤኒች በየበኩላቸው የአለርጂን መልእክተኛ ፀረ እንግዳ አካል አገኙ፤ በ1968 ኢሙኖግሎቡሊን ኢ ተብሎ ተሰየመ። አር-ራዚ በጽጌረዳ ላይ ያስተዋሉት ዐይነት ክስተት እንዴት እንደሚከናወን ያኔ ግልጽ ሆነ። ዝግጁ የሆነው ሰውነት ለአቧራው ወይም ለብናኙ የተለየ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፤ እርሱም በአፍንጫና በሳንባ ባሉ ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል፤ ብናኙ ሲመለስ ሕዋሳቱ የሚያሳክኩና የሚያሳብጡ ንጥረ ነገሮች ይለቃሉ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ይህ ዝግጁነት በየትኛው ዘረ መል ተጽፏል የሚል ነበር። የሰው ዘረ መል መዝገብ 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት፤ ማናቸውም ሁለት ሰዎች በአብዛኛው አንድ ሆነው ከሺህ ፊደል በአንዱ ያህል ይለያያሉ። በ1989 አንድ የእንግሊዝ ቡድን የአለርጂን ዝንባሌ በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ ወዳለ አንድ ስፍራ የሚያመለክት ውጤት ሲያወጣ ብዙዎች የአስም ዘረ መል ተገኘ ብለው ተስፋ አደረጉ። ይሁን እንጂ በሌሎች ቤተሰቦች ላይ ሲሞከር ውጤቱ አንድ ወጥ አልሆነም። አንድ ሕመም፣ አንድ ዘረ መል የሚለው ስሌት ለአስም አልሠራም።

በ2007 በእንግሊዝና በጀርመን ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ከልጅነት አስም ጋር በጽኑ የተያያዘ ስፍራ አሳየ። በ2010 ጋብሪኤል በሚል ስም የተባበሩ ተመራማሪዎች 10,365 ታማሚዎችንና 16,110 ጤነኞችን አወዳደሩ። በዚህም የኢሙኖግሎቡሊን ኢን መጠን የሚወስኑት ስፍራዎችና አስምን የሚመለከቱት ስፍራዎች እምብዛም አንድ እንዳልሆኑ ታወቀ። በ2018 ደግሞ ከ23 ሺህ በላይ ታማሚዎችን ከ118 ሺህ በላይ ጤነኞች ጋር ያነጻጸረ ጥናት 18 ስፍራዎችን ለየ። እያንዳንዱ ስፍራ በተጋላጭነት ላይ የሚጨምረው ጥቂት ብቻ ነው። ከእነዚህ ልዩነቶች ብዙዎቹን ተሸክሞ ዕድሜውን ሙሉ በደህና የሚተነፍስ ሰው አለ፤ ጥቂቶቹን ብቻ ይዞ የሚታመምም አለ። የመንታዎች ጥናትም ይህንኑ ያጸናል፦ ዘረ መላቸው አንድ ከሆነ መንታዎች አንዱ አስም ሲይዘው ሌላው የመያዝ ዕድሉ ከተራ ወንድም ይልቅ ከፍ ይላል፤ ግን የግድ አይደለም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው የተመሠረቱት በአውሮፓ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። በ2006 ፊላግሪን የተባለ፣ የቆዳን ግድግዳ የሚያጠናክር ፕሮቲን የሚሠራ ዘረ መል ሲጎድል ችፌንና ከችፌ ጋር የሚመጣ አስምን እንደሚያበዛ ታወቀ፤ ጉድለቱ በአውሮፓ ከ10 ሰዎች በአንዱ ያህል ይገኛል። በ2011 በታተመ ጥናት ችፌ ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ሲመረመሩ ግን በአውሮፓ የተለመዱት ጉድለቶች አልተገኙም፤ የተገኘው ከዚያ በፊት ያልታወቀ አንድ ልዩነት ብቻ ነበር። ሕመሙ አንድ ሆኖ ሥሩ ከሕዝብ ሕዝብ ሊለያይ እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ከሌላ ሕዝብ የተወሰደ የዘረ መል ውጤት ይዞ ስለ አንድ የወሎ ወይም የሐረር ቤተሰብ መፍረድ በሳይንሱም ዘንድ መሠረት የለውም።

ከጅማ የመጣ ምስክር

ዝግጁነት ብቻውን አያሳምምም የሚለው አባባል ከሚጸናባቸው ማስረጃዎች አንዱ ከአገራችን የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠሮች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት አሳተሙ። አስም አለብኝ የሚሉ ሰዎች መጠን በከተማው ከገጠሩ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በከተማው ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ሰዎች ቢኖሩም የሰው ዘረ መል በአንድና በሁለት ትውልድ አይለወጥም። የተለወጠው ቤቱ፣ መኝታው፣ ምግቡና ሰውነት በልጅነቱ የሚገናኛቸው ተሕዋስያን ናቸው። በ2001 በዚያው አካባቢ የተደረገ ተከታይ ጥናት የአንጀት ትል፣ በተለይ የመንጠቆ ትል፣ በብዛት ባለባቸው ሰዎች ዘንድ የደረት ሲርሲርታ አነስ ያለ መሆኑን አመለከተ። ይህ ማለት ትል ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ መንጠቆ ትል ደም የሚያሳንስ ጎጂ ነገር ነው። የሚያስረዳው የሰውነት መከላከያ በሚያድግበት አካባቢ እንደሚሠለጥን ነው።

በአሜሪካ የሚኖሩ ሁለት የገበሬ ማኅበረሰቦችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። አሚሾችና ሁተራይቶች የዘር ምንጫቸው የሚቀራረብ፣ ኑሯቸውም ከከተማ የራቀ ነው። አሚሾች በፈረስ ያርሳሉ፤ ልጆቻቸውም ከከብት በረት አጠገብ ያድጋሉ። ሁተራይቶች ግን ከመኖሪያ በራቀ ትልቅ እርሻ በመኪና ይሠራሉ። በ2016 የታተመው ጥናት እንዳሳየው በሁተራይት ልጆች አስም ከአሚሽ ልጆች በአራት እጥፍና ከዚያ በላይ ይበዛል። የሚቀራረብ ዘር ይዘው በአቧራቸው ልዩነት ተለያዩ።

ሥርና አካባቢ እንዴት እንደሚገናኙ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ብቻ እንጨምር። በ2008 የታተመ የፈረንሳይ ቤተሰቦች ጥናት በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ልዩነት የሚያስከትለው የልጅነት አስም፣ ሕፃኑ በመጀመሪያ ዓመታቱ የትንባሆ ጭስ ባለበት ቤት ካደገ እንደሚብስ አሳይቷል። ወላጅ ያወረሰውን ዘረ መል ሊመልሰው አይችልም፤ ሲጋራውን ግን ከቤት ሊያስወጣው ይችላል።

ሥሩ ስቦት ይሆናል

ወደ ተነሣንባቸው ጥያቄዎች ስንመለስ በሐዲስ ውስጥ የሚጠቅመን ታሪክ እናገኛለን። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ እንደ ዘገቡት ከበኒ ፈዛራ ነገድ የሆነ ሰው ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደ ወለደችበት ተናገረ፤ ንግግሩ ልጁን ለመካድ የሚያመለክት ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ግመሎቹ ጠየቁት፤ ቀለማቸው ቀይ መሆኑን፣ ከመካከላቸው ግን አመድማ መልክ ያላቸው መኖራቸውን ተናገረ። ይህ ከየት መጣ ሲሉት ምናልባት ሥር ስቦት ይሆናል አለ። እርሳቸውም ልጁን ምናልባት ሥር ስቦት እንደሚሆን ነገሩት፤ እንዲክደውም አልፈቀዱለትም።

በሐዲሱ ውስጥ ያለው የዐረብኛ ቃል ዒርቅ ነው። በአማርኛ ሥር የምንለውም የዛፍንም የደምንም ሥር ስለሚያመለክት ቃሉ በቋንቋችን ሙሉ ትርጉሙን ይዞ ይቀመጣል። ዑለማእ ከዚህ ሐዲስ በዋነኛነት የወሰዱት በጥርጣሬ ብቻ የልጅን ዘር መካድ የማይፈቀድ መሆኑን ነው። እኛም ከጉዳያችን አንጻር አንድ ነገር እናስተውላለን፦ በዚህ ታሪክ ውርስ የተጠቀሰው ለመወንጀል አይደለም፤ ከእናቲቱ ላይ ጥርጣሬን ለማንሣት፣ ልጁንም በአባቱ ቤት ለማጽናት ነው። ውርስን ሰው ለማግለል የሚጠቀምበት ግን የዚያን ታሪክ አቅጣጫ ገልብጦታል።

ስለ ትዳር የሚጠይቅ ሰው እንግዲህ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው። ወላጁ አስም ያለበት ልጅ ከሌላው ይልቅ ተጋላጭ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ብዙዎቹ አይታመሙም፤ የሚታመሙትም ቢሆኑ ሕክምና ያለው ሕመም ነው የሚይዛቸው። በዲንና በመልካም ጠባይ የተመረጠችን ልጅ በእናቷ አስም ምክንያት መተው ከማስረጃው አይመነጭም።

ሕመሙ የተጻፈ ስለሆነ መድኃኒት አያስፈልግም ለሚለው ደግሞ ቀደርን ማመን ሰበብን ከመያዝ እንደማይከለክል ማስታወስ ይገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕክምና እንድንሻ አዝዘዋል፤ መድኃኒቱም ራሱ ከቀደር ነው። በዓለም ላይ በአስም የሚሞቱ ሰዎች አብዛኞቹ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የሚኖሩ መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። እነዚህ ሰዎች ዘረ መላቸው ከሌላው የከፋ ስለሆነ አይደለም የሚሞቱት፤ ሕመማቸው ሳይታወቅ ስለሚቆይና ሳንባን ከቁጣ የሚጠብቀውን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት በየዕለቱ ስለማያገኙ ነው። ብዙ ታማሚ ቧንቧን በቶሎ የሚከፍተውን ብቻ ይዞ፣ የሚከላከለውን ግን ሲሻለው ይተዋል። ዱዓና ሩቅያ ለሕመምተኛው መጽናኛና ዒባዳ ናቸው፤ መድኃኒቱን ጣል ብሎ የሚመክር ግን ሕይወት በአደጋ ላይ ይጥላል።

በረመዳን ጾመኛው በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ቢጠቀም ጾሙ ይፈርሳል ወይስ አይፈርስም በሚለው ላይ የዘመናችን ዑለማእ የተለያየ ፈትዋ ሰጥተዋል። ሁለቱም ወገኖች ግን ታማሚው ለመታከም ሲል ጾሙን ፈትቶ በሌላ ቀን የመክፈል ፈቃድ ከቁርኣን እንዳለው ይስማማሉ። ኢማሙ የየትኛውንም ወገን ፈትዋ ቢከተል ትንፋሹ ያጠረ ሰው እስከ መግሪብ ይታገሥ ብሎ ሊመክር አይገባውም።

በእጃችን ያለው ሰበብም ጥቂት አይደለም። የመስጂድ ምንጣፍ ሰው በሌለበት ሰዓት ቢጸዳና ፀሐይ ቢመታ፣ ዕጣንና ከሰል መስኮት በተከፈተበት ስፍራ ቢጨስ ወይም አስም ያለበት ሰው ባለበት ባይጨስ፣ የመድረሳ ኡስታዝ ሌሊት የሚያስልንና ሲሮጥ ደረቱ ሲር ሲር የሚልን ተማሪ ሰነፍ ከማለት ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት ለወላጆቹ ቢነግር፣ ይህ ሁሉ ኢብኑ መይሙን ለመኳንንቱ ታማሚ ከሰጡት ምክር ጋር አንድ ነው። ሥሩን አላህ ፈጥሮታል፤ እኛ የምንጠየቀው ስለ ሰበቡ ነው። አላህም የተሻለ ያውቃል።